እሁድ እሁድ እማማን ይዤ የምገባበት የአንግሊካን አጥቢያ፤ ጠይቄ የተመለሰልኝ

ሰላም ለዚህ ቤት። ባለፈው ወር ያወጣሁት ፖስት 52 ኮሜንት ደርሶ አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ከላይ የተመለሰውን እንደገና እየጠየቀ ስለሆነ አንዲት እህት አንቺው ሰብስቢልን አለችኝ። ስለዚህ የጠየቅኩትንና የተመለሰልኝን በኮሜንቱ ቁጥር እነግራችኋለሁ፣ የማንንም ጽሑፍ አልገለብጥም፣ የገባኝን በራሴ አፍ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው ይሄ ነበር። እኔ በሰሜን እንግሊዝ ዮርክሸር ውስጥ ኬረር፣ ማለት አረጋዊ ተንከባካቢ ነኝ። የምንከባከባቸው ሴትዮ 89 ዓመታቸው ነው፣ በልቤ እማማ ነው የምላቸው፣ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። እሁድ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ በዊልቸር ወደ አጥቢያቸው የአንግሊካን፣ ማለትም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መውሰድ የሥራዬ አካል ነው። መጀመሪያ ውጭ በረንዳው ላይ ቆሜ እጠብቃቸው ነበር፣ ክረምቱ ሲበረታ ግን ግቢ አሉኝና ገብቼ አጠገባቸው መቀመጥ ጀመርኩ። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፣ የኛ ቤተ ክርስቲያን ካለችበት ከተማ በባቡር ሁለት ሰዓት እርቃለሁ፣ በወር አንዴ ብደርስ ነው። እና የጠየቅኩት ሦስት ነገር ነው፦ እነዚህ ሰዎች በትክክል የሚያምኑት ምንድነው፣ ጸሎተ ሃይማኖታቸውን ሲደግሙ እኔም ብደግም ምን አለበት፣ ለቁርባን ሲነሱ ዊልቸሩን ገፍቼ እዛው ድረስ እሄዳለሁና እዛ ስደርስ ምን ላድርግ።

ያየሁትንም ጽፌ ነበር። ደወል ይደወላል፣ በር ላይ መጽሐፍና ወረቀት ይሰጣል፣ ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ የመዝሙሮቹ ቁጥር ተጽፏል፣ ኦርጋን ይነፋል። ቄሷ ነጭ ለብሳ በአንገቷ እንደ ዘመኑ ቀለሙ የሚለዋወጥ ነገር አድርጋ ትገባለች፣ በጾም ሐምራዊ፣ በትንሣኤ ነጭ፣ ሌላውን ጊዜ አብዛኛውን አረንጓዴ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ድምፅ ኃጢአቱን ይናዘዛል፣ ቄሷ ሥርየቱን ታውጃለች፣ ንባብ አለ፣ ወንጌል ሲነበብ ይቆማል፣ አጭር ስብከት፣ ሃይማኖቱን መመስከር፣ ስለ ታመሙና ስለ ሞቱ በስም ጸሎት፣ ከዚያ ሰላም ተባባሉ ሲባል እጅ መጨባበጥ፣ ከዚያ ቁርባን፣ ከዚያ ሻይና ኬክ።

ቁጥር 1 በጨዋነት ነው የጀመረው፣ እናት መጦር ትልቅ በረከት ነው ብሎ መረቀኝ፣ ግን ፖስቴ ላይ ቅዳሴ ያልኩትን አርሞኛል፣ ጸሎት ወይም ሰርቪስ በይው ብሎ። እሺ ብዬ አስተካክያለሁ። ቁጥር 2 በሁለት መስመር ዘጋው፣ ይሄ ሚስቱን ሊፈታ የፈለገ ንጉሥ የሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሌላ የሚጠየቅ ነገር የለውም አለ።

ቁጥር 3 ላይ ታሪክ የተማረ የሚመስል ልጅ ትዕግሥት ኖሮት አብራራ። ሄንሪ ስምንተኛ በ1534 ከሮም መለየቱና ራሱን የቤተ ክርስቲያኒቱ የበላይ ማድረጉ እውነት ነው፣ የጋብቻው ጉዳይም ምክንያት ነበር። ሄንሪ ግን ጸሎቱን ብዙ አልነካውም፣ እሱ እስኪሞት ቅዳሴው በላቲን ነበር። ዛሬ እማማ የሚጸልዩበትን መልክ ያስያዘው የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክራንመር ነው፣ በ1549 የጋራ ጸሎት መጽሐፍ የሚባለውን በእንግሊዝኛ አወጣ፣ በኋላ ካቶሊኳ ንግሥት ሜሪ ስትነግሥ በ1556 ኦክስፎርድ ላይ አቃጠሉት። ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት በ1559 መጽሐፉን መለሰችው፣ ዛሬም በሕግ የጸናው የ1662ቱ ነው፣ ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ኮመን ወርሺፕ የሚባል ዘመናዊ ቋንቋ ያለው መጽሐፍ ተጨምሯል። አጥቢያዎቹም ብዙዎቹ ከሄንሪ በመቶዎች ዓመታት የሚቀድሙ ናቸው፣ ሕንፃው ያው ነው፣ ሕዝቡም ያው ነው፣ አዲስ ቤተ ክርስቲያን መሠረትን ብለው አያምኑም። ይሄን ካነበብኩ በኋላ የኛን ሕንፃ ልብ ብዬ አየሁት፣ የበሩ ደረጃ መሐሉ በእግር ተበልቶ ጎድጉዷል።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ሳተ፣ እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ቁጥር 4 የጻፈው ነገር ገርሞኛል፦ በ1549 መጽሐፉ ወጥቶ በጰራቅሊጦስ ዕለት በየአጥቢያው ሲነበብ ኮርንዋልና ዴቨን ያለው ገበሬ ተነሣ፣ የለመድነውን የላቲን ቅዳሴ መልሱልን ብሎ፣ ኮርንዋሎቹማ እንግሊዝኛውንም የማይሰሙ ነበሩባቸው፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በዚህ ሞተ። እኔ ሁሌም ሕዝብ የሚገባውን ቋንቋ አግኝቶ ደስ ያለው ይመስለኝ ነበር። ቁጥር 5 ወዲያው ወደኛ ወሰደው፣ ሎንዶን የተወለዱት ልጆቿ ግእዙንም አማርኛውንም አይሰሙም፣ ሦስት ሰዓት ቆመው ይመለሳሉ፣ ልጆቹ እየራቁ ነው ብላ በጣም አዝና ጻፈች። ቁጥር 6 ግእዝ ከተነካ ምን ቀረን አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ እኔ እናቴ ግእዙን ሳይገባት በቃሏ ስትለው ነው ያደግኩት፣ ሳይገባትም ያስለቅሳት ነበር።

ቁጥር 7 ላይ ነው የከረረው። አንድ ወንድም ከላይ ያለውን ሳያነብ ገብቶ፣ እነዚህ ጾም የላቸው፣ እመቤታችንን አያውቁ፣ የንስሐ አባት የላቸው፣ ጫማቸውን አያወልቁ፣ እሁድ ለሻይና ለኬክ ነው የሚሰበሰቡት፣ እምነት የላቸውም አለ። ቁጥር 8 መልሱ ስድብ ስለነበረበት አልደግመውም። ቁጥር 9 ግን ከሁሉም ረጅሙ ነው፣ ነገረ መለኮት የተማረ ሰው ነው፣ ቁጥር 7ን ሳይሰድብ አንድ በአንድ መለሰለት። የሚያምኑትን ማወቅ ከፈለግክ የሚጸልዩትን ስማ ነው የመልሱ መነሻ፣ አንግሊካኖች ትምህርታቸውን ከሌላ ቦታ ይልቅ በጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ ነው ያስቀመጡት። በሥላሴ ያምናሉ፣ በጥንቱ የሃይማኖት ጸሎት ይመሰክራሉ፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ጉባኤያት ይቀበላሉ፣ እኛ ሦስቱን ነው፣ ልዩነቱ በ451 ኬልቄዶን ላይ የተደረገው ነው። በ1571 የጸኑ 39 የእምነት አንቀጾች አሏቸው። ከወንጌል ሁለት ምሥጢራት ይቆጥራሉ፣ ጥምቀትና ቁርባን፣ ሌሎቹን ማለት ክህነትን፣ ጋብቻን፣ ሕሙማንን መቀባትን፣ ኑዛዜን ይፈጽማሉ ግን በዚያው ደረጃ አይቆጥሩም። ኑዛዜ ለብቻው ቄስ ጋ ሄዶ ማድረግም ይቻላል፣ ግዴታ ግን የለም። መጽሐፍ ቅዱሳቸው 66 ነው፣ እነ ጦቢትና ዮዲትን ለምግባር ትምህርት ያነቡታል፣ ዶግማ ግን አያቆሙበትም፣ የኛ 81 ነው። ሕፃን ያጠምቃሉ፣ ክርስትና አባትና እናት ያቆማሉ፣ ቢያንስ ሦስት። እኛ ከጥምቀቱ ጋር ወዲያው ሜሮን እንቀባለን እነሱ ግን ልጁ አድጎ በራሱ አፍ ሲመሰክር ጳጳሱ እጁን ይጭንበታል። እመቤታችንን በጸሎታቸው ያነሷታል፣ በዓሏንም ያከብራሉ፣ ምልጃን ግን ከአንቀጾቹ አንዱ አይቀበለውም፣ እዚህ ላይ ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ አይሸፈንም። ጾምን በተመለከተም ከአመድ ረቡዕ እስከ ፋሲካ 40 ቀን አላቸው፣ ሥጋ ተው ቅቤ ተው የሚል ሕግ ግን የለም፣ ለሰው ኅሊና የተተወ ነው።

ቁጥር 10 እዚሁ ላይ ጥሩ ነገር ጨመረች። ማንቸስተር ስትማር ሁለት የአንግሊካን አጥቢያ ገብታ አይታለች፣ አንዱ ዕጣን የሚያጥኑበት፣ ሥዕል ያለበት፣ ለቁርባን የሚንበረከኩበት ነው፣ ካቶሊክ ነው ብላ ነበር፣ ሌላው ጊታርና ድራም ያለበት፣ ሰባኪው በጂንስ የቆመበት፣ ጴንጤ ነው ብላ ነበር። ሁለቱም የአንድ ጳጳስ ናቸው። እኔ የምሄድበት መሐል ላይ ነው፣ ዕጣን በዓመት አንዴ ሁለቴ ነው፣ ጊታር የለም።

ቁጥር 7 ተመልሶ መጣ፣ ቁጥር 11 እሱ ነው። ይቅርታ አልጠየቀም፣ ግን በየአጥቢያው ስንት ሰው አለ ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት፣ በኛ እሁድ 30 ሰው ብንሞላ ነው፣ ከ60 ዓመት በታች የሆነው ጥቂት ነው፣ ሦስት ልጆች አሉ። ስጽፈው ከፋኝ። ያን ትልቅ ድንጋይ ሕንፃ እነዚህ 30 ሰዎች ናቸው ጣራውን የሚጠግኑት፣ አበባውን የሚያደርጉት፣ ደወሉን የሚደውሉት። ደወሉ 8 ነው፣ ደዋዮቹ ክብ ሠርተው ገመድ ይዘው ቁጥር እየተቀያየሩ ነው የሚደውሉት፣ ዜማ የለውም፣ ቅደም ተከተሉ ነው የሚለዋወጠው። ረቡዕ ማታ ይለማመዳሉ፣ እማማ መስኮት ከፍተው ያዳምጣሉ።

ቁጥር 12 ዲያቆን ነው፣ ሁለተኛው ጥያቄዬን የመለሰው እሱ ነው። እህቴ ሃይማኖቱን ከነሱ ጋር ልትደግሚ ስትይ አንድ ቃል ልብ በይ አለኝ። እኛ በጸሎተ ሃይማኖት መንፈስ ቅዱስን ከአብ የሠረጸ ነው የምንለው፣ እነሱ ከአብና ከወልድ ይላሉ። ከወልድ የምትለው ቃል በመጀመሪያ ጉባኤው ባጸደቀው ጽሑፍ ላይ አልነበረችም፣ በምዕራቡ ዓለም በኋላ የተጨመረች ናት፣ በስፔን ቶሌዶ ከ589ቱ ጉባኤ ጋር ተያይዛ ትነሣለች፣ እንግሊዞቹ ከሮም ሲለዩ ይዘዋት ወጡ። እኔ ይሄን ቃል ስንት እሁድ ሰምቼ አላስተዋልኩትም፣ በእንግሊዝኛ በፍጥነት ነው የሚሉት። ዲያቆኑ ግን የነሱንም አልደበቀም። የዓለም አንግሊካን ጳጳሳት በ1978 ላምቤዝ በሚባለው ጉባኤያቸው ላይ የየአገሩ አንግሊካን አብያተ ክርስቲያናት ያቺን ቃል ስለመተው እንዲያስቡ ጠይቀዋል፣ አሁን ባለው መጽሐፋቸው ውስጥም ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋር ሲጸልዩ የሚጠቀሙበት ቃሏ የሌለችበት ጽሑፍ አለ፣ የኛን የሚያካትተው የኦሬንታል ኦርቶዶክስና የአንግሊካን ኮሚሽን ደግሞ በ2014 ካይሮ ላይ ስለ ክርስቶስ ሰው መሆን፣ በ2017 ደብሊን ላይ ስለ መንፈስ ቅዱስ የጋራ መግለጫ አውጥቷል፣ በሁለተኛው ላይ የአንግሊካኑ ወገን ቃሏ ብትወጣ ተስማምቷል።

ቁጥር 13 በደስታ ጮኸ፣ እንግዲያው አንድ ነን ማለት ነው አለ። ቁጥር 14 ማን ፈረመ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 15 ላይ አንድ ቀሲስ ገብተው ሁለቱንም አረጋጉ፣ ኮሚሽን መስማማቱ መልካም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን መግለጫ ላይ መስማማትና በአንድ ጽዋ መቁረብ የተለያየ ነገር ነው፣ ያ አልሆነም አሉ። ለእኔም ለይተው ጻፉልኝ፣ ጸሎታቸውን ብትሰሚ፣ መዝሙረ ዳዊቱን አብረሽ ብትይ፣ አባታችን ሆይን ብትደግሚ የሚከለክልሽ የለም፣ የማታምኚውን ቃል ግን በአፍሽ አትበይ፣ ዝም በይ። ይሄ መልስ ለኔ ከሁሉም በላይ ነው፣ ምክንያቱም ሲከለክሉኝም ሲፈቅዱልኝም ለምን እንደሆነ ነገሩኝ።

ቁጥር 16 ስለ ቁርባን ነው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከ1972 ጀምሮ በሌላ የሥላሴ እምነት ያለው ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀና የሚቆርብ ሰው ቢመጣ ትቀበላለች፣ ስለዚህ በነሱ በኩል በሩ ክፍት ነው፣ በኛ በኩል ግን ዝግ ነው። ቁጥር 17 ቆርበሻል ወይ ብሎ ጮኸብኝ። 18 እኔ ነኝ፣ አልቆረብኩም፣ የማልቆርበውም ስለምንቃቸው አይደለም አልኩ። እኔ ለቁርባን 18 ሰዓት ጾሜ፣ ንስሐ ገብቼ ነው የምቀርበው፣ እዚህ ደግሞ እማማን ቁርስ አብልቼ አብሬ ሻይ ጠጥቼ ነው የምገባው። ቁጥር 19 ሳያውቅ አንዴ እንደወሰደ ጻፈ፣ ተማሪ ሳለ ሰው ሲነሳ ተነሣ፣ ሰው ሲንበረከክ ተንበረከከ፣ ክብ ቀጭን ኅብስት እጁ ላይ ተደረገለት፣ ጽዋውም መጣ፣ ከዚያ ወዲህ ዓመታት ለማንም ሳይናገር ተሸክሞት ኖሯል። ቀሲሱ ከሥሩ የንስሐ አባትህ ጋ ሂድ ልጄ፣ ይሄ የሚፈታ ነገር ነው አሉት። ስንት ሰው እንደዚህ ዝም ብሎ ተሸክሞ ይኖራል!

የሦስተኛውን ጥያቄዬን መልስ ያገኘሁት ቁጥር 20 ላይ ነው፣ በርሚንግሃም ያለች ነርስ ናት፣ እሷም እንደኔ በሽተኛ ይዛ ትሄድ ነበር። መንበሩ ፊት ያለው የእንጨት አጥር ጋ ስትደርሺ ሁለት እጅሽን ደረትሽ ላይ አመሳቅይ፣ ያኔ ኅብስቱን አይሰጡሽም፣ ይባርኩሻል፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ የሚታዘብሽም የለም። በሚቀጥለው እሁድ እንዲሁ አደረግኩ። ቄሷ ለእማማ ጎንበስ ብላ አቀበለቻቸው፣ ከዚያ እኔን ባረከችኝ።

ቄሷ ካልኩ እንግዲህ፣ ከቁጥር 21 እስከ 29 ያለው በሷ ነው። ቁጥር 21 ሴት ቄስ ያለበት ቦታ እንዴት ትገቢያለሽ ብሎ ጀመረ። ቁጥር 22 ዓመቶቹን አስቀመጠ፣ እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 32 ሴቶች በመጋቢት 1994 ብሪስቶል ካቴድራል ላይ ቅስና ተቀበሉ፣ የመጀመሪያዋ ሴት ጳጳስ በ2015 ተሾመች፣ በ2025 ደግሞ ሳራ ሙላሊ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሆነው ተሰየሙ፣ ከዚያ በፊት የለንደን ጳጳስ፣ ከዚያም በፊት ነርስ ነበሩ፣ በእንግሊዝ የነርሶች ሁሉ የበላይ እስከመሆን ደርሰዋል። እዛው አገር ውስጥ ይሄን የማይቀበሉ አጥቢያዎች አሉ፣ ሌላ ጳጳስ ነው የሚጎበኛቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር ሳይሆን ስድብ ሆነ፣ ስለ ቄሷም የማይባል ተባለ፣ ቁጥር 27 ተሰርዟል፣ ቁጥር 28 እኔ ነኝ፣ ተቆጥቼ ነው የጻፍኩት። እኔ በክህነት ጉዳይ የቤተ ክርስቲያኔን ትምህርት ነው የምይዘው፣ ይሄን ማንም አያስለቅቀኝም። ግን ታኅሣሥ ላይ እማማ ሳንባቸውን ታመው ሐኪሙ ተስፋ በቆረጠበት ሌሊት ስልክ ስደውል በዝናብ በእግሯ የመጣችው እሷ ናት፣ ጫማዋ ውኃ ሞልቶ፣ አልጋው አጠገብ ተንበርክካ ግንባራቸውን ዘይት ቀባች፣ ጸለየች፣ እስኪነጋ አልሄደችም። እኛ ምሥጢረ ቀንዲል የምንለው ከያዕቆብ መልእክት ነው፣ እሷም ያነበበችው እሱኑ ነው። እሷን የሚሰድብ በኔ ፖስት ሥር አይሰድብም። ቁጥር 30 አድሚኑ ነው፣ አበቃ ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ልብ የሚያሳርፍ መጣ። ቁጥር 31 የለንደን አጥቢያዎቻችን ብዙዎቹ የራሳቸውን ሕንፃ እስኪያገኙ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደቀደሱ አስታወሰ፣ እነሱ ጠዋት ጨርሰው ሲወጡ የኛ ሰው ምንጣፍ ይዞ ይገባ ነበር። ቁጥር 32 የዚያን ዘመን ጫማ መደርደሪያ አስታወሰች። ቁጥር 33 ግን ያመጣው ትልቅ ነገር ነው። በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፉት ታቦቶች አንዱ ኤዲንብራ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ኤጲስቆጳላዊት ቤተ ክርስቲያን፣ ማለትም የስኮትላንድ አንግሊካን፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ በ2001 እዛው ያለ ቄስ አግኝቶት ምንነቱን አወቀው፣ በ2002 ወደ አገሩ ተመለሰ፣ አዲስ አበባ ሕዝብ ወጥቶ ተቀበለው። ዌስትሚንስተር አቢ ውስጥም መንበር ላይ የተገጠመ ታቦት አለ፣ በየካቲት 2024 በመርህ ደረጃ ለመመለስ ተስማምተዋል። ያነበብኩት ባቡር ውስጥ ነው፣ እንባዬ መጣ። ከዚያ በኋላ ያለሁበት ሕንፃ ቁም ሳጥኖች ውስጥ ምን እንዳለ ማሰብ አልተውኩም።

ቁጥር 34 ሊድስ የሚኖር ልጅ ነው፣ ልዑል ዓለማየሁ በ1879 የሞተው እዚህ በኛ ዮርክሸር፣ ሊድስ እንደሆነ ነገረን፣ 18 ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ ዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቻፕል ነው ያለው፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ባስቀረጸችው የናስ ጽላት ላይ እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ የሚለው የማቴዎስ ቃል አለበት። ቁጥር 35 ይሄም የአንግሊካን አጥቢያ ነው ሲል ቁጥር 36 አርሞታል፣ አጥቢያ አይደለም፣ ቀጥታ በዘውዱ ሥር ያለ ነው፣ ጳጳስም አያዝበትም። 2023 ላይ አስከሬኑ እንዲመለስ ተጠይቆ ቤተ መንግሥቱ እምቢ ማለቱን ሲጨምር ቁጥር 37 ያንን የማቴዎስ ቃል ማንበብ አልቻልኩም ብላ ወጣች። እኔም አልፈርድባትም።

አሁን ቁጥር 38። ሜሪላንድ ያሉ፣ በልጅነታቸው ጎጃም ቆሎ ተማሪ የነበሩ አባት ናቸው የጻፉት፣ በጣት እየፈለጉ እንደጻፉት ያስታውቃል፣ ፊደሉ ይዘላል። አንዴ ለሥራ እንግሊዝ አገር መጥተው ማታ የሠርክ ጸሎት፣ ኢቭንሶንግ የሚሉትን ሰምተዋል። መዘምራኑ ሲቆሙ ምን ይሉ ይሆን ብለው ሲያዳምጡ የሉቃስን ምዕራፍ አንድ ሰሙ፣ ታዐብዮ ነፍስየን፣ ጸሎተ ማርያምን። ቀጥሎ አረጋዊው ስምዖን ሕፃኑን አቅፎ አሁን ባሪያህን በሰላም አሰናብተው ያለውን። ሁለቱም እሳቸው በልጅነታቸው ከዳዊት ጋር በቃላቸው የያዟቸው ናቸው፣ የኛ መዝሙረ ዳዊት ከ150ው በኋላ የነቢያትን ጸሎት፣ የማርያምን፣ የዘካርያስን፣ የስምዖንን ይዞ ነው የሚጻፈው። እንግሊዞቹም 150ውን በወር ይደግሙታል፣ ለ30 ቀን ጠዋትና ማታ ከፋፍለውት፣ እኛ ለሰባቱ ዕለታት ነው የምንከፍለው። ቄሶቻቸው ሰው ቢኖርም ባይኖርም የጠዋትና የማታ ጸሎት የማድረስ ግዴታ አለባቸው። እኒህ አባት በቋንቋው የማይሰሙት ሕዝብ መሐል ቆመው የልጅነታቸውን ትምህርት ሰምተው ወጡ፣ የሆነውን ብቻ ጻፉ፣ ፍርድ አልሰጡም።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ እማማን ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በወር አንዴ ወደሚደረገው ኢቭንሶንግ ወሰድኳቸው። 11 ሰው ነበርን። መብራቱ ትንሽ ነው፣ ብርድ ነው፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ አድርጌያለሁ። የእመቤታችን ጸሎት ሲጀመር ሁሉም ቆመ፣ እሳቸው መቆም ስለማይችሉ እጄን ይዘው ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ መጽሐፍ አላዩም፣ እያንዳንዱን ቃል በከንፈራቸው ይሉታል። እኔ በግእዙ ጀመርኩ፣ እስከ መጨረሻው አልዘለቅኩም፣ መሐል ላይ ጠፋኝ። እናቴ ብትኖር ትጨርሰው ነበር።

ቁጥር 39 እና 40 አባታችንን አመሰገኑ። ቁጥር 41 ከጋምቤላ ነው፣ ብዙ ሰው ላይክ አላደረገውም፣ እኔ ግን ደግማችሁ እንድታነቡት እፈልጋለሁ። እኛ እዚህ ሁሉ የእንግሊዞቹ የእንግሊዞቹ ስንል እሱ እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ አንግሊካንም ነኝ አለ። ጋምቤላ ውስጥ በአኙዋክና በኑዌር ቋንቋ የሚጸልዩ አጥቢያዎች አሉ፣ ከደቡብ ሱዳን ስደተኞች ጋር የመጡና ካምፕ ውስጥ ያሉም አሉ፣ ከበሮ እየመቱ ነው የሚዘምሩት፣ አዲስ አበባም ቅዱስ ማቴዎስ አለ። የሚተዳደሩት ደግሞ ከካንተርበሪ ሳይሆን በ2020 ከተቋቋመው የእስክንድርያ የአንግሊካን ክፍለ ሀገር፣ ማለት የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ክፍል ነው። እኛ ደግሞ ስንት ዘመን ጳጳስ የመጣልን ከእስክንድርያ ነው። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ፖስቴ ላይ የፈረንጅ ሃይማኖት ብዬ ስለነበር።

ቁጥር 43 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በ2023 መጨረሻ ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች የቡራኬ ጸሎት መፍቀዷን አነሣ፣ የጋምቤላው ልጅ የነሱ ክፍለ ሀገር እንደማይቀበለው፣ በዚህም የአፍሪካ አንግሊካኖች ከካንተርበሪ ጋር መራራቃቸውን መለሰ፣ ከዚያ እስከ 47 ሌላ ጦርነት ሆነ፣ አድሚኑ አራቱን አነሣቸው። 48 ስለ ባቡር ዋጋ ነው። 49 የጾም ኬክ አሠራር የጠየቀች ልጅ ናት፣ ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ፣ ሰጥቻታለሁ፣ በሁዳዴ ለሻይ ሰዓታቸው ይዤ የምሄደው እሱን ነው፣ አሁን እማማም ጓደኞቻቸውም በሁዳዴ እሱን ነው የሚበሉት።

51 ላይ ዲያቆኑ ተመልሶ ያቺን ቃል ምን አደረግሻት ብሎ ጠየቀኝ። 52 የኔ መልስ ነው። ባለፈው እሁድ ሃይማኖቱ ሲባል ከነሱ ጋር ቆምኩ፣ ከአብ እስከሚለው አልኩና ዝም አልኩ፣ ከዚያ ንሰግድለታለን ሲሉ ቀጠልኩ። እማማ ጆሯቸው ከባድ ነው ብዬ ነበር፣ ግን ሰምተውኛል፣ ቤት ስንመለስ ምነው መሐል ላይ አቆምሽ አሉኝ። ሰው ይቀየማል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ግን ዲያቆኑ የነገረኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያቺን ቃል ሲሏት ማን እንዳስገባት ጠይቀው እንደማያውቁ ነገሩኝ፣ ከዚያ የናንተው እንዴት ነው የሚለው አሉ። የእሁዱን ወረቀት ገልብጬ በግእዝ ጻፍኩላቸው፣ ዘሠረጸ እምአብ። ፊደሉን በጣታቸው ተከተሉት፣ እንዴት እንደሚነበብ ሦስት ጊዜ አስባሉኝ፣ ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ባላቸው በሠርጋቸው ቀን የሰጧቸው የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ፣ ሃይማኖቱ ያለበት ገጽ ላይ አስገቡት።